ቀኝ ወንበር

ሰሚራ የደወለችልኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኤርፖርቱን ሸትል አውቶቡስ ከፓርኪንግ አውጥቼ ወደ ተርሚናል ልታጠፍ ስል ነው። የጋሽ ይመር ልጅ ናት፤ የምትኖረው ሳን ሆዜ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ዕለት በአማርኛ ጀመረች። «ጋሽ አለሙ፣ አባዬ…» አለችና ቀጣዩን ቃል ፈልጋ አጣችው። ሳታገኘው ገባኝ። ከኋላዬ መንገደኛው ከነሻንጣው ተቀምጧል፤ አንዱ ሰውዬ ሚስቱን «የረሳነው ነገር አለ እንዴ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃታል። አድርሼያቸው፣ ሻንጣቸውን አውርጄላቸው፣ ባዶውን አውቶቡስ ጥግ አስይዤ አለቀስኩ።

ጋሽ ይመር የሞቱት ሳን ሊያንድሮ ቤታቸው፣ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው። ልባቸው ነው አሉ። ሻያቸው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እኛ የፈራንላቸው ግን ሌላ ሞት ነበር። ከሰማይ ይወድቃሉ ብለን፣ እኔና ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው ሳሎን ድረስ ሄደን፣ ለምነን፣ ከአውሮፕላናቸው ለያየናቸው። ሶፋውን የጠረጠረ አልነበረም።

አዎ፣ የራሳቸው አውሮፕላን ነበራቸው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ሀብታም ነበሩ እንዴ?» ይለኛል። አልነበሩም። እንደኔው ኦክላንድ ኤርፖርት የሸትል ሹፌር ነበሩ። ሥራችን መንገደኛን ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ ማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ክብ መንገድ ላይ ስትዞር ትውላለህ።

ሥራውን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን፣ አውቶቡሱን ከማንቀሳቀሳችን በፊት የምንሞላው ቅጽ ተሰጠኝ። ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬን፣ በር፤ ሁሉንም ዞረህ አይተህ ምልክት ማድረግ አለብህ። እኔ ደግሞ ሌሎቹ ሹፌሮች ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ መሪው ላይ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች ምልክቱን ደረደርኩት። ጋሽ ይመር በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸውን ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው።

«ዞርካት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ምንም ሳይሉ እጄን ይዘው ወደ ኋላ ወሰዱኝ። ተደርበው ከሚታሰሩት ሁለት የኋላ ጎማዎች የውስጠኛው ሙሉ በሙሉ ተንፍሷል። ከውጭ ሲታይ ምንም አያስታውቅም። «አየህ፣ መዞር ምንም አይፈጅም። እኔን ዋሸኸኝ፣ ግድ የለም። ጎማውን ግን አትዋሸውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ይህ ጠባያቸው ነው፤ የሰው ጥፋት አይተው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይብስ ነበር።

አምሳ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ምሳችንን እየበላን ሳለ፣ መብረር ልማር ነው አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ለአውሮፕላን አድርሼ እመለሳለሁ። ሁሉም ሄዶ ይበራል፤ እኔ ተመልሼ ፓርኪንግ እገባለሁ። አንድ ቀን እንኳ ራሴን ላድርስ እንጂ!»

ሃይዋርድ ያለችው ትንሽ ኤርፖርት ሄደው ተመዘገቡ። አስተማሪያቸው ሊንዳ የምትባል፣ ሰባን ያለፈች፣ ፊቷን ፀሐይ ያጨማደደው ቀጭን ሴትዮ ነበረች። መጀመሪያ ያስተማረቻቸው ነገር አውሮፕላኗን መዞር ነው፤ ክንፏን መዳሰስ፣ ነዳጇን በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ማየት፣ ብሎኑን አንድ በአንድ መነካካት። ጋሽ ይመር ያን ዕለት ተመልሰው ሲመጡ ደስታቸው ሌላ ነበር። «አለሙ፣ እዚያ ሁሉም ሰው ይዞራል!» አሉኝ፣ የጠፋባቸውን ዘመድ ያገኙ ይመስል።

የከበዳቸው በረራው ሳይሆን ሬዲዮው ነበር። ከታወር፣ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ፣ የሚያናግሯቸው ሰዎች እንግሊዝኛቸው ይፈጥናል። ስለዚህ ሸትሉን እየነዱ መለማመድ ጀመሩ። «ሃይዋርድ ታወር…» ብለው ሲጀምሩ መንገደኛው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ያጨበጭብላቸዋል። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርኩ። ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ያልገባኝን ሁሉ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቅንቄ ነው የወጣሁት። ቀስ ብላችሁ ድገሙልኝ ብዬ ሳላፍር የጠየቅሁት ሰማይ ላይ ሆኜ ብቻ ነው። እዚያ ካፈርክ ትሞታለህ።» ይህን ሲሉ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ንግግሩ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የበረሩ ዕለት ሊንዳ የሸሚዛቸውን ጀርባ በመቀስ ቆርጣ ወሰደችው። የአብራሪዎች ወግ ነው፤ ለተማሪው ክብር ይደረጋል። ችግሩ ሸሚዙ ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ ለኢድ የገዙላቸው አዲስ ሸሚዝ መሆኑ ነው። ጀርባቸው ተራቁቶ ቤት ሲገቡ ሚስታቸው ጮኹ።

«ማነው የቀደደህ? ተደባደብክ?»

«በርሬ ነው!»

«በርረህ በሽቦ ላይ ነው እንዴ ያረፍከው?»

ቁራጩ ጨርቅ በፍሬም ሆኖ ሳሎን ተሰቀለ። እትዬ ዘሀራ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ይኸውላችሁ የኢድ ልብሳችን» እያሉ ያሳዩ ነበር። አፋቸው ያማርር እንጂ ዓይናቸው ይኮራ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ልብ ያልኩት አይመስለኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ገዙ። አንድ ሞተር፣ አራት መቀመጫ፣ ነጭ ሆና ሆዷ ላይ የተላላጠ ብርቱካንማ መስመር ያላት፣ በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ። እትዬ ዘሀራ ስም ለማውጣት አልዘገዩም፤ «ጣውንቴ» አሏት። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደውዬ ጋሽ ይመርን ስጠይቅ «ጣውንቴ ጋ ሄዷል፤ ዛሬ የሷ ተራ ነው» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ይመር ከዚያ ወዲህ ነፋስ የሚያይ ሰው ሆኑ። የትም ቦታ፣ ለቅሶም ላይ፣ ሠርግም ላይ፣ መጀመሪያ ባንዲራ ወይም የዛፍ ጫፍ ይፈልጋሉ። አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው እያሹ «ከምዕራብ ነው። ደግ ነው» ይላሉ። ለማን እንደሚነግሩ አይታወቅም። አልባኒ አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ እሳቸው የድንኳኑን ጨርቅ መርገብገብ ሲያዩ ያዝኳቸው። «ሙሽሮቹን ይዩ እንጂ!» ብላቸው፣ «እነሱማ አርፈዋል» አሉኝ።

በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ይደውሉልኛል። ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት።

«አለሙ፣ ቀኝ ወንበር ባዶ ነው።»

አብራሪው በግራ ነው የሚቀመጠው፤ ቀኙ የእንግዳ ነው። ሰሚራ ሁለት ጊዜ ተቀምጣበታለች። እትዬ ዘሀራ አንድ ጊዜ ተቀምጠው፣ ከመነሻ እስከ ማረፊያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁርዓን ቀርተው ወርደዋል። እኔ ግን አልሄድኩም። ጥርሴን ያመኛል። እንግዳ መጥቶብኛል። ሺፍት ገብቻለሁ። መኪናዬ ጋራዥ ናት። በአምስት ዓመት ውስጥ ያላነሳሁት ሰበብ የለም።

እውነቱን ልናገርና ልገላገል። እፈራለሁ። ኤርፖርት እየሠራሁ፣ ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ከራሴ በላይ እያጓራ፣ መብረር እፈራለሁ። ወደዚህ አገር ስመጣ አንድ ጊዜ በርሬ አብቅቻለሁ። አምሳ ዓመት የደረሰ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው ለጓደኛው «እፈራለሁ» ማለት እንዴት ያቅተዋል? አቃተኝ። ብነግራቸው ኖሮ ምንም አይሉኝም ነበር። እጄን ይዘው አውሮፕላኗን ያዞሩኝ ነበር፤ ይኸው ነው።

ከዚያ የጉሙ ቀን መጣ።

በጋ ነበር። ጋሽ ይመር ቅዳሜ ከሰዓት ብቻቸውን ወደ ደቡብ በርረው፣ ዋትሰንቪል አርፈው፣ እንጆሪ ገዝተው ሊመለሱ ነው። ለወትሮው አሥር ሰዓት ላይ ቤታቸው ናቸው። አሥራ አንድ ሆነ፣ አሥራ ሁለት ሆነ፤ የሉም። ስልካቸው አይጠራም። እትዬ ዘሀራ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ሌላ ነበር። መኪናዬን አስነስቼ ሃይዋርድ ሄድኩ። ከባሕሩ በኩል የመጣው ጉም ሰማዩን ሸፍኖታል። በአጥሩ ዳር ወዲያና ወዲህ እያልኩ የማየው ነገር አልነበረም። ለእትዬ ዘሀራ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ቃል መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ጀንበር ስትጠልቅ ከቤት ተደወለልኝ፤ መጥተዋል። ስደርስ ጋሽ ይመር የማላውቀው ፈረንጅ በፒክአፕ አድርሷቸው፣ አንድ ካርቶን እንጆሪ ታቅፈው ደጃፍ ቆመዋል።

«ጉሙ ቀደመኝ» አሉ፣ ታክሲ እንዳመለጠው ሰው። «ሃይዋርድ ተዘጋች። ዞሬ ሊቨርሞር አረፍኩ፤ እዚያ ጥርት ያለ ነው። ስልኬ ካርታ ሲያሳየኝ ባትሪው አለቀ።»

«የሰው ስልክ ለምነው አይደውሉም እንዴ?»

«የማናችሁንም ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። አንተ ታውቃለህ?»

እኔም አላውቅም። እትዬ ዘሀራ እንጆሪውን ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በማግስቱ ግን ደወሉልኝ። «አለሙ፣ ይሄ ሰውዬ በቁሜ ሊቀብረኝ ነው። ትላንት አራት ሰዓት ሙሉ ባል አልነበረኝም። እናንተን ይሰማል፤ እባካችሁ አንድ ነገር በሉልኝ» አሉኝ።

«ለኔ ይተዉት» አልኩ። ምን እንበልልዎ ብዬ አልጠየቅሁም።

ሦስት ሆነን በሳምንቱ እሁድ ከሰዓት ሄድን። አንደኛው ሀጂ ኑርዬ ናቸው፤ የጋሽ ይመር የወሎ አገር ሰው፣ ሰማንያ የደረሱ፣ ጉልበታቸው በቅርቡ ኦፕራሲዮን የተደረገ። ሁለተኛው አቶ ግርማ ነው፤ ጎማ ቤት ያለው፣ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ የአማርኛ ቸርች ሽማግሌ፣ የተጣላ ሲያስታርቅ የሚውል ሰው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ነገሩን የጠነሰስኩትም ተናጋሪውም። ጋሽ ይመር ሲያዩን ከሶፋው ብድግ አሉ።

«እንዴ! ሀጂ! ምነው ሳትደውሉ? ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ ሀጂ ኑርዬ።

የጋሽ ይመር ፊት ወዲያው ተለወጠ። ወጉን ያውቁታል። ሽማግሌ ሊለምን ከመጣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም።

«ምን አጠፋሁ?»

«መጀመሪያ እሺ በለን።»

«ነገሩን ሳልሰማ?»

ሀጂ ወደኔ አዩ። ቀኑን ሙሉ ስለማመደው የዋልኩትን ንግግር አወጣሁት። የጉሙ ቀን ሁላችንንም ገድሎን እንደነበር፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት መድረሱን፣ ለእትዬ ዘሀራ ሊያዝኑላቸው እንደሚገባ፣ ከእንግዲህ አውሮፕላኗ ልትሸጥ እንደሚገባት ተናገርኩ። እትዬ ዘሀራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር። ከሆዳቸው የገባሁላቸው መስሎኝ ይበልጥ ጮክ አልኩ።

«ጉሙን አይቼ እኮ ነው ዞሬ የሄድኩት» አሉ ጋሽ ይመር ቀስ ብለው። «አልገባሁበትም።»

«ያን ቀን ሆነልዎት፤ ሁልጊዜ አይሆንም» አለ አቶ ግርማ።

«ሐኪሙ ልብህ ደህና ነው ብሎኛል። በየጊዜው ይመረምረኛል።»

«ይመር፣ ቆመናል እኮ» አሉ ሀጂ።

ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም። «አለሙ፣ ነገሩን ዞራችሁታል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፤ መሪው ላይ ቁጭ ብዬ። ስንት ዓመት አስተምረውኝ፣ ዞሬ ያየሁት ነገር አልነበረም።

ሀጂ ኑርዬ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ የታመመው ጉልበታቸው ሱሪያቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ጋሽ ይመር አዩት። «በአላህ ይቀመጡ፣ ሀጂ» አሉ። «እሺ በላ!» አሉ ሀጂ። ጋሽ ይመር ሶፋውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የሸሚዝ ቁራጭ አዩ፣ እንደገና ጉልበቱን አዩ። ምክራችን አይደለም ያሸነፋቸው። የአንድ ሽማግሌ ጉልበት አንጀታቸውን በላው።

«እሺ» አሉ። «ይቀመጡ።»

ሀጂ መረቁ። ምሳ ቀረበ። እኔም በላሁ፤ ያውም በደንብ።

እዚህ ላይ ሌላም የምናዘዘው አለኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ ደስታ የእትዬ ዘሀራን ዕንባ በማበሴ ብቻ አልነበረም። ከእንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ሰበብ መፈለግ ቀረልኝ። ይህን ለራሴ እንኳ ለማመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ገዢ ለማግኘት ብዙም አልቆየም። የሽያጩ ዕለት ጋሽ ይመር ደወሉልኝ። «ዛሬም ጥርስህን አሞሃል?» አሉኝ። ቁጣም ቀልድም አልነበረበትም፤ እንዲያው ጥያቄ ነው። ሄድኩ። በአምስት ዓመት ውስጥ አጥሩን አልፌ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሊንዳም መጥታለች። ገዢው፣ ከሳን ሆዜ የመጣ ጸጥ ያለ ጎልማሳ፣ ወረቀት ሊፈርም ከጋሽ ይመር ጋር ወደ ቢሮ ሲገባ ወደኔ ጠጋ አለችና አውሮፕላኗን ለምን እንደሚሸጧት አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የጉሙን ቀን ነገርኳት። ገርሟት አየችኝ። «ያ ቀን እኮ እስከዛሬ ከበረረው ሁሉ የተሻለው ነው» አለችኝ። «ብዙ ሰው ቤቱ ቅርብ ሲሆን፣ ሚስቱ ስትጠብቀው፣ ጉሙ ውስጥ ይገባል። የሚሞቱት እነሱ ናቸው። እሱ ዞሮ ሄደ። ለአዲስ ተማሪዎቼ ሁሉ የምነግረው የሱን ታሪክ ነው።»

ገዢው ገና ቢሮ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ አልተፈረመም። ሮጬ «ጋሽ ይመር፣ ተሳስተናል፤ ይተዉት» ለማለት ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሀጂን ምን እላቸዋለሁ አልኩ። ግርማ ምን ይለኛል አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ከዚያ ጋሽ ይመር ከቢሮ ወጥተው «ና ግባ፣ አንድ ጊዜ» አሉኝ። በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍተው አስገቡኝ፤ ቀበቶዬን ራሳቸው አሰሩልኝ። እሳቸው በግራ ገቡ። የጠበበች ናት፤ ትከሻችን ይነካካል። ቤንዚንና አሮጌ ቆዳ ትሸታለች። ከመቀመጫቸው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተለበጠ ካርድ አወጡ፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚነበበው ቼክሊስት ነው። ከሥሩ በእጃቸው በአማርኛ ጽፈውበታል። እያነበቡ እያንዳንዱን ነገር በጣታቸው ይነካሉ።

«ቀበቶ፣ ታስሯል። በር፣ ተዘግቷል። ነዳጅ፣ በሁለቱም ክንፍ። ፍሬን፣ ተይዟል።»

እየቀጠሉ ሄዱ፤ አልቸኮሉም። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቁልፉ ላይ አረፈ። እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ካርዱን አጥፈው ኪሱ ውስጥ መለሱት። ቀና ብለው ሜዳው ዳር ያለውን የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ጨርቅ አዩና «ከምዕራብ ነው» አሉ። «ደግ ነው።»

ወረድን። ገዢው ገባ፣ አስነሳ፣ ሄደ። ጋሽ ይመር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ድምፁን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ከዚያ በኋላ አልተቆጡኝም፣ አላኮረፉኝም። ያንን ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር። ሥራ ቦታ እንደ ድሮው እንገናኛለን፣ ምሳ አብረን እንበላለን። አንድ ጠዋት ግን በአውቶቡሳቸው አጠገብ ሳልፍ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ጋሽ ይመር መሪው ላይ ቁጭ ብለው፣ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች ምልክት እየደረደሩ ነበር። አልዞሩም። ያን ጊዜ ነው ምን እንደወሰድንባቸው የገባኝ። አየሁ፤ አለፍኩ። ከጥቂት ወር በኋላ ጡረታ ወጡ። ሶፋው የሚውሉበትና የሚያመሹበት ሆነ።

ሲቀበሩ ሀጂ ኑርዬ በሰው ተደግፈው መጡ። ሊንዳ ራሷን በሻርፕ ሸፍና ዳር ቆማ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ቤታቸው ሰደቃ ላይ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ እትዬ ዘሀራ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሶፋው ላይ ማንም አልተቀመጠበትም።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ለምኑ?»

«አውሮፕላኗን ስላስሸጥናቸው።»

ሶፋውን አዩና፣ «እኔ እኮ እንዲሸጣት አልፈለግሁም ነበር» አሉ። «ሁለተኛ ባትሪ ያዝ፣ ካረፍክ ቶሎ ደውልላት እንድትሉልኝ ነበር የፈለግሁት። እናንተ ሽጥ ስትሉት ክው ብዬ ቀረሁ። ለኔ ብላችሁ መጥታችሁ፣ ሀጂ በዚያ ጉልበት ቆመው፣ ተዉ ብዬ ላሳፍራችሁ? እሱ ደግሞ እኔ የላክኋችሁ መስሎት እሺ አለ። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።»

እጃቸው አፋቸው ላይ የነበረው ለዚህ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ። አንዲት ጥያቄ ናት፦ ምን እንበልልዎ?

ከአንድ ወር በኋላ ሰሚራ ከሳን ሆዜ መጥታ ሌክ ሜሪት ዳር ተገናኘን። ቦርሳዋ ውስጥ የአባቷን የበረራ መዝገብ ይዛለች። አብራሪ ሁሉ የሚይዘው ነው፤ እያንዳንዱ በረራ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ቀኑ፣ ከየት ወዴት፣ ምን ያህል ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ማስታወሻ። ማስታወሻውን ጋሽ ይመር በአማርኛ ነው የጻፉት። ሰሚራ ፊደል አታነብም።

«እማዬ ስታነብ ታለቅሳለች» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ፕሊስ፣ አንተ አንብብልኝ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን አነበብኩላት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለ ነፋስና ስለ ማረፍ ናቸው። ከዚያ አውሮፕላኗ የተገዛችበት ዓመት መጣ።

«ተሳፋሪ የለም። አለሙ ጥርሱን አሞታል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀጠልኩ።

«ተሳፋሪ የለም። አለሙ እንግዳ መጥቶበታል። ተሳፋሪ የለም። አለሙ ጥርሱን አሞታል። ተሳፋሪ የለም። አለሙ ሺፍት ገብቻለሁ ብሏል።»

የሺፍቱ ፕሮግራም ብሬክ ሩም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። እረፍት መሆኔን በየሳምንቱ ያዩታል ማለት ነው። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ስሜ አለ። አንዱን መዝለል እችል ነበር፤ ሰሚራ አታውቅም። አልዘለልኩም፤ ሁሉንም አነበብኩላት። የጉሙ ቀን መስመር ላይ «ሊቨርሞር። ዞሬ ሄድኩ። ዘሀራ እንጆሪ ትወዳለች» ይላል። ሰሚራ እዚያ ላይ አለቀሰች።

የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስን። ቀኑ የሽያጩ ቀን ነው።

«ከሃይዋርድ ወደ ሃይዋርድ» ብዬ አነበብኩ። «ተሳፋሪ፣ አለሙ።»

ሰሚራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች፤ እሱን ማንበብ ትችላለች። «ግን ሰዓቱ ዜሮ ነው የሚለው» አለች። «ተሳስቶ ነው? ወይስ በርራችሁ ነበር?»

«አልተሳሳቱም» አልኳት። «አልበረርንም። ሞተሩን አላስነሱትም።»

መዝገቡን ዘግቼ መለስኩላት። እሷ ወደ መኪናዋ ስትሄድ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከሐይቁ ማዶ አንድ ባንዲራ ይውለበለባል። ነፋሱ ከምዕራብ ነበር።